«ምንም አይሰማኝም»፦ ሳያምህ ስለሚመጣ የልብ ኦፕራሲዮን

እኔ ሐኪም ቤት የሄድኩት ልቤን ብዬ አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ ለትራክ ሹፌርነት የሚጠየቀው የዲኦቲ (የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ) የጤና ምርመራ ነበር፣ ወረቀቱ እንዲፈረምልኝ ብቻ ነው የፈለግኩት፣ ሐኪሟ ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አድርጋ ቆየች፣ አነሳችው፣ መልሳ አደረገችው፣ ከዛ «ልብህ ላይ ድምፅ እንዳለ ነግሮህ የሚያውቅ ሰው አለ?» አለችኝ። ማንም ነግሮኝ አያውቅም። በሁለት ሳምንቱ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ታየሁና ባይከስፒድ አኦርቲክ ቫልቭ የሚባል ነገር ይዤ እንደተወለድኩ አወቅኩ። 36 ዓመቴ ነበር፣ ያን ቀን ጠዋት ደረጃውን በሩጫ ነው የወጣሁት።

ከዛ ወዲህ ያነበብኩትንና ሐኪሞቼን በጥያቄ እያሰለቸሁ ያገኘሁትን ነው እዚህ የማስቀምጠው፣ ምክንያቱም በአማርኛ ስለዚህ ነገር ስፈልግ ያገኘሁት ከሞላ ጎደል ሁሉም ስለ ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው፣ ሁለቱ ደሞ በጣም የተለያዩ ናቸው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ልብ ደሙን ወደ መላ ሰውነት የሚገፋበት መውጫ ላይ ያለው በር አኦርቲክ ቫልቭ ይባላል። የአብዛኛው ሰው ቫልቭ ሦስት ክዳን አለው፣ ሲከፈት ሰፊ ሆኖ ይከፈታል፣ ሲዘጋ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። አንዳንዱ ሰው ግን ገና ማህፀን ውስጥ እያለ ሁለቱ ክዳኖች ሳይለያዩ ይቀሩና ባለ ሁለት ክዳን ሆኖ ይወለዳል፣ በኢኮ ስታዩት ሲከፈት የዓሣ አፍ ነው የሚመስለው። ከመቶ ሰው አንዱ ወይ ሁለቱ እንዲህ ነው፣ ወንዶች ላይ ከሴቶች ሁለት ሦስት እጥፍ ይበዛል፣ አብሮ ከሚወለድ የልብ ችግር ሁሉ በብዛት አንደኛው ይሄ ነው። ማንም የሠራው ጥፋት አይደለም፣ እናት እርጉዝ እያለች የበላችው ወይ የደነገጠችው ነገር ያመጣው አይደለም፣ ይሄን የምለው እናቴ ለአንድ ወር ያህል በየቀኑ እየደወለች ስለጠየቀችኝ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ቀስ ብሎ ነው። ልብ በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ይመታል፣ ለሦስት የተሠራውን ሥራ ሁለት ክዳን ሲሠራው ቶሎ ያልቃል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ዓመት በዓመት እየተጋገረ የሚሄደውን ነጭ ነገር ታውቁታላችሁ አይደል፣ ቫልቩም ላይ ካልሲየም እንደዛ እየተጋገረ ያደርቀዋል፣ በሩም ይጠባል። ጤነኛ ቫልቭ ላይ ይሄ ነገር ከመጣም በ70ና በ80 ዓመት ነው፣ እኛ ላይ ግን አሥር ሃያ ዓመት ቀድሞ ይመጣል። ሌላው ሰው ላይ ደሞ በሩ አይጠብም ግን ገጥሞ አይዘጋም፣ የተገፋው ደም ወደ ልብ ተመልሶ ይፈሳል፣ ልብም ያንኑ ደም ሁለቴ እየገፋ ይሰፋል። ሦስተኛው ችግር ቫልቩ ላይ ሳይሆን ከቫልቩ በላይ ያለው ነው፦ አኦርታ የሚባለው ዋናው የደም ቧንቧ ግማሽ ያህሎቻችን ላይ ይሰፋል፣ ግድግዳው ከመጀመሪያውም ደካማ ስለሆነና ደሙም ቀጥ ብሎ ሳይሆን በጎን እየተወረወረ ስለሚመታው። በጣም ከሰፋ ውስጡ ይሰነጠቃል፣ ያ ሲሆን የደቂቃና የሰዓት ጉዳይ ነው።

ይሄን ሰምቶ የማይደነግጥ የለም፣ ስለዚህ ቶሎ ብዬ ሌላውን ልንገራችሁ። ሚኒሶታ ኦልምስቴድ ካውንቲ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ቫልቭ ያላቸውን ሰዎች ለረጅም ዓመታት ተከታትለው በ2008 ያወጡት ጥናት አለ፣ ሲጀመር ቫልቫቸው ብዙ ያልተጎዳ ሰዎች ናቸው፣ ከ20 ዓመት በኋላ 90 በመቶ ያህሉ በሕይወት አሉ፣ ይሄ ደሞ እዛው አካባቢ ካለው ሌላ ሰው የተለየ አይደለም። የአኦርታ መሰንጠቅ ከሌላው ሰው ስምንት እጥፍ ይበዛል ቢባልም በቁጥር ሲታይ በዓመት ከ10,000 ሰው ሦስት አካባቢ ነው። ማለትም ባለ ሁለት ክዳን ሰው የሚሞት ሰው አይደለም፣ የሚጠብቅ ሰው ነው። ግን ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች ክትትል የነበራቸው፣ ሲያስፈልጋቸው ኦፕራሲዮን የተደረጉ ናቸው፣ ብዙዎቹም ተደርገዋል።

እኛ ጋ ችግር የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። እኛ ሐኪም ቤት የምንሄደው ሲያመን ነው፣ ያውም ብሶብን ስንወድቅ። የዚህ ሕመም ኦፕራሲዮን ግን ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በሕመም ሳይሆን በሴንቲሜትር ነው። አኦርታው 5.5 ሴንቲሜትር ከደረሰ ምንም ባይሰማህም ይሠራል፣ ቤተሰብ ውስጥ የተሰነጠቀበት ሰው ካለ ወይ ቶሎ ቶሎ እየሰፋ ከሆነ 5.0 ላይም ይሠራል፣ ለቫልቩ ተብሎ ደረት ከተከፈተ ደሞ 4.5 የሆነውንም አብረው ይቀይሩታል። ቫልቩ በጣም ጠበበ የሚባለው ከ3 እስከ 4 ካሬ ሴንቲሜትር የነበረው ቀዳዳ ከ1 በታች ሲወርድና ደሙ በሰከንድ 4 ሜትርና ከዛ በላይ መወርወር ሲጀምር ነው። ኢኮ ስትታዩ ወረቀቱ ላይ እነዚህ ቁጥሮች አሉ፣ ኮፒውን ጠይቁና ቤት አስቀምጡት፣ ሐኪም ስትቀይሩ፣ ሀገር ስትቀይሩ ያለፈው ዓመት ቁጥር ከሌለ የዘንድሮው ብቻውን ብዙ አይናገርም።

በሕመም የሚመጣ ደሞ አለ፣ እሱ ሲመጣ ጊዜ የለም። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ ትንፋሽ ማጠር፣ ደረት ላይ መጫን፣ ራስን መሳት። የጠበበ ቫልቭ ያለበት ሰው እነዚህ ከጀመሩት በኋላ ካልተሠራለት ግማሽ ያህሉ ሁለት ዓመት አይሞላቸውም። እኛ ግን ደረታችንን ሲጫነን «ብርድ መቶኝ ነው» እንላለን፣ ካልሆነ ጨጓራ ነው፣ ሲደክመን ዕድሜ ነው፣ ሲያዞረን ቁርስ ስላልበላን ነው። ደሞ ሰው ሳያውቀው ኑሮውን ያሳንሳል፣ ፎቅ መውጣት ይተዋል፣ ልጁን ማቀፍ ይተዋል፣ ሰርግ ላይ እስክስታ ይተውና «እኔ ድሮም አልወድም» ይላል። ሐኪም «ምን ይሰማሃል?» ሲለው «ምንም»፣ እውነቱን ነው፣ ምክንያቱም የሚያደክመውን ሁሉ ትቶታል። ጥሩ ሐኪም «ካቻምና ታደርገው የነበረ ዘንድሮ ያቆምከው ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ካልጠየቃችሁ እናንተው ንገሩት።

ወደ ሩማቲኩ ልመለስ። ሀገር ቤት የልብ ቫልቭ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያውቀው እሱን ነው፣ ልጅ ሆኖ በጉሮሮ ሕመም የሚጀምር፣ ብዙ ጊዜ ማይትራል የሚባለውን ሌላኛውን ቫልቭ የሚያበላሽ፣ በየወሩ በፔኒሲሊን መርፌ የሚያዝ። መርፌው የባለ ሁለት ክዳን ሰው መድኃኒት አይደለም፣ እንደውም ለዚህ ቫልቭ እንዳይደርቅ የሚያደርግ መድኃኒት እስካሁን የለም። ሐኪም ቤቱ ግን አንድ ነው፣ ወረፋውም አንድ ነው። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ሕክምና ማዕከል በ2009 ነው ሥራ የጀመረው፣ ከበስተጀርባው ዶክተር በላይ አበጋዝ ለሕጻናት የልብ ሕሙማን ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምረው የደከሙት ድካም አለ፣ ለብዙ ዓመታት ኦፕራሲዮኑ የተሠራው ከውጭ እየመጡ በሚመለሱ በጎ ፈቃደኛ ቡድኖች ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሕጻናት ይጠብቃሉ። በዚህ ወረፋ ውስጥ የ50 ዓመት ሰው ምንም ሳይሰማው «አኦርታዬ 5.5 ሆኗል» ብሎ ቢመጣ የት ይገባል? አቅም ያለው ሕንድ ወይ ባንኮክ ወይ ቱርክ ይሄዳል፣ የሌለው ይጠብቃል፣ ጥያቄው የሕክምና ብቻ ሳይሆን የዶላርም ነው።

እስከዛው ምን ይደረግ ለሚለው መልሱ አሰልቺ ነው፦ ደም ግፊት፣ ደም ግፊት፣ ደም ግፊት። የሰፋ ቧንቧ ላይ ግፊት መጨመር ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ሲጋራ ይቆማል። ጫት ልብ ያስሮጣል ግፊትም ይጨምራል፣ «ትንሽ ብቻ ነው» የሚባለውም እንደዛው። ስፖርት አልተከለከለም፣ ቫልቩና አኦርታው ደህና የሆነ ሰው መሮጥም ኳስ መጫወትም ይችላል፣ አኦርታው የሰፋ ግን ትንፋሽ አፍኖ ከባድ ብረት ማንሳት፣ የሞተ ፍሪጅ ሦስተኛ ፎቅ ማውጣት አይሆንለትም።

አንድ ነገር ግን በደንብ ስሙኝ። ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ሁላችንም ሲፕሮ የምንለው፣ ሀገር ቤት ታይፎይድ ነው ሽንት ነው ሆድ ነው ተብሎ እንደ ማስቲካ የሚገዛ መድኃኒት ነው። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በታኅሣሥ 2018 እሱና ዘመዶቹ የአኦርታ መሰንጠቅን ሊያመጡ ስለሚችሉ አኦርታው የሰፋ ሰው ሌላ አማራጭ ካለ እንዳይወስዳቸው አስጠንቅቋል። ፋርማሲ ስትሄዱ እናንተ ካልተናገራችሁ የሚጠይቃችሁ የለም።

ጥርስም እንደዛው። የተበላሸ ቫልቭ ላይ ባክቴሪያ መቀመጥ ይወዳል፣ ይሄን ኦስለር የሚባለው ሐኪም ከ1886 ጀምሮ ጽፎታል፣ ባክቴሪያው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ደም የሚገባው በአፍ በኩል ነው። ቫልቩ ገና ያልተቀየረ ሰው ጥርስ ሊነቀል ሲል አንቲባዮቲክ አስቀድሞ መውሰድ አያስፈልገውም ነው አሁን የሚባለው፣ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ከገባ በኋላ ግን የግድ ነው። ጥርስ በየቀኑ መፋቅና በየጊዜው መታየት ለሁለቱም ነው። እንጥል ማስቆረጥ፣ ድድ መነቀስ፣ ዋግምት፣ እነዚህን የሚያደርግ ዘመድ ቤታችሁ ካለ ልጁን ይዛችሁ ሽሹ።

እሺ ቀኑ ደረሰ እንበል። ደረት መሃሉ ላይ ይሰነጠቃል፣ ደሙ በማሽን ይዞራል፣ ልብ ይቆማል፣ ቫልቩ ይቀየራል፣ አኦርታው ከሰፋ በጨርቅ ቧንቧ ይተካል፣ ልብ ይመለሳል፣ አጥንቱ በሽቦ ይታሰራል። ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት። ሌላ ሕመም የሌለበት ሰው፣ ልምድ ያለው ቦታ ላይ ከሆነ፣ ቫልቩን ብቻ ሲቀየር የመሞት ዕድሉ ከመቶ አንድ ሁለት ነው። ለኔ የሚከብደው ይሄ አይደለም። የሚከብደው ምን ይገባልህ የሚለው ምርጫ ነው፣ ምክንያቱም ሐኪሙ ቀሪውን ዕድሜህን እንዴት እንደምትኖር ነው የሚጠይቅህ።

የብረቱ ቫልቭ፣ ሜካኒካሉ፣ በራሱ አያልቅም። ማታ ጸጥ ሲል ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ሚስቶች ናቸው ከባለቤቱ በፊት የሚያማርሩት ይባላል። ዋጋው ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን የሚባል የደም ማቅጠኛ መውሰድ ነው። ካልወሰድክ ደም ይረጋና ቫልቩ ይዘጋል ወይ ጭንቅላት ላይ ይወጣል፣ ከበዛ ትደማለህ፣ ስለዚህ አይኤንአር የሚባለው የደም ምርመራ ከ2 እስከ 3 መሃል መቆየት አለበት። አዲሶቹ ምርመራ የማይፈልጉት የደም ማቅጠኛዎች ለብረት ቫልቭ አይሆኑም፣ ዳቢጋትራንን ሞክረው በ2012 ጥናቱን አቋርጠውታል፣ ሰዉ ተጎዳ።

ዋርፋሪን ከቫይታሚን ኬ ጋር ነው የሚጣላው፣ ቫይታሚን ኬ ደሞ ጎመን ነው። ፈረንጁ ሐኪም «ሰላጣ ትበላለህ?» ይልሃል፣ ሁዳዴን አያውቅም። 55 ቀን ጎመን በጎመን ስትሆን አይኤንአሩ ይወርዳል፣ ሐኪሙ መድኃኒቱን ይጨምርልሃል፣ ከዛ ፋሲካ ይመጣና ጎመኑ ይቆማል ዶሮው ይገባል ጠላው ይከተላል፣ የተጨመረው መድኃኒት ግን እንዳለ ነው፣ ድድህ ሲደማ ነው የምታውቀው። መጾም ክልክል ነው ያለ የለም፣ ጎመንም ክልክል አይደለም፣ የሚፈለገው መጠኑ ሳምንት ከሳምንት እንዳይለያይ ነው፣ ጾም ሲገባና ሲወጣ ደሞ አይኤንአር አስቀድሞ መታየት ነው። ለሐኪማችሁ የጾም ካላንደሩን ስጡት፣ እኔ አንዱን ሐኪም ፍልሰታ ምን እንደሆነ አስተምሬዋለሁ። የባህል መድኃኒት ግን ከዋርፋሪን ጋር አትሞክሩ፣ ምን እንደሚያደርግ ለክቶ ያየው ሰው የለም።

ሌላም አለ። «ትንሽ ሠርቼ ሀገሬ ገብቼ እኖራለሁ» የሚል ሰው አይኤንአር የሚታይበት ላቦራቶሪ ከሚኖርበት ቦታ ስንት ሰዓት እንደሚርቅ አስቀድሞ ይጠይቅ። ጣት ወጋ አድርጎ ቤት የሚለካ ማሽን አለ፣ ግን ደሙ የሚነካበት ስትሪፕ ሲያልቅ ከየት ይመጣል የሚለውም መታሰብ አለበት። ልጅ መውለድ የምትፈልግ ሴት ደሞ ዋርፋሪን በተለይ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ጽንሱን ሊጎዳ እንደሚችል ከኦፕራሲዮኑ በፊት ነው ማወቅ ያለባት፣ አግብታ ካረገዘች በኋላ አይደለም።

ሁለተኛው የእንስሳ ቫልቭ ነው። ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን የለም፣ ግን ያልቃል፣ ከ10 እስከ 20 ዓመት፣ ወጣት ላይ ደሞ ቶሎ ያልቃል። በ40 ዓመቱ ያስገባ ሰው ሁለተኛ ኦፕራሲዮን፣ ምናልባት ሦስተኛም ይጠብቀዋል። የኛ ሰው የሚያፍርበት ጥያቄ እዚህ አለ፦ የአሳማ ነው? አንዳንዱ አዎ፣ የአሳማ ቫልቭ ነው፣ ሌላው ከላም ልብ ሽፋን የሚሠራ ነው፣ ላሙ እንደውም በብዛት የሚሠራበት ነው። ክርስቲያንም ሁኑ ሙስሊም ጠይቁ፣ ሰርጅኖች ይሄን ጥያቄ ለምደውታል፣ ሰመመን ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ግን መጠየቅ አይቻልም። በደፈናው ከ50 በታች ብረት፣ ከ65 በላይ እንስሳ ይባላል፣ መሃሉ ምርጫ ነው።

ሦስተኛው ሮስ የሚባለው ነው፣ ዶናልድ ሮስ በ1967 የጀመረው፣ የራስህን የሳንባ ቫልቭ (ደም ከልብ ወደ ሳንባ የሚወጣበት ላይ ያለውን) አውጥተው አኦርታው ላይ ያስገቡና የሳንባው ቦታ ላይ ከሞተ ሰው የተሰጠ ያደርጋሉ። የሚገርመው ባለ ሁለት ክዳን ቫልቭ ይዞ የተወለደው በጣም የታወቀው ሰው አርኖልድ ሽዋርዘኔገር ነው፣ ያ ሁሉ ጡንቻ በሁለት ክዳን። በ1997 ሮስ ተሠራለት፣ በ2018 የሳንባው ቫልቭ ተቀየረ፣ በ2020 ደሞ የአኦርታው። ራሱ በየቦታው ተናግሮታል። የአንድ ቫልቭ ችግር የሁለት ይሆናል የሚለው የሮስ ትችት ከሱ ታሪክ ላይ ይታያል፣ በሌላ በኩል ከመጀመሪያው በኋላ ሃያ ዓመት ያለ ዋርፋሪን ፊልም ሲሠራና ካሊፎርኒያን ሲያስተዳድር ነው የኖረው። ጥሩ የሚሠሩት ሰርጅኖች ጥቂት ናቸው፣ በዓመት ሁለት ሦስት የሚሠራ ሰው ጋ እኔ አልተኛም።

አሁን ሁሉም የሚጠይቀው ታቪን ነው፣ በእግር በኩል ገብቶ ደረት ሳይከፈት የሚቀየረው። አላን ክሪቢየር በ2002 ፈረንሳይ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሠራው፣ ለሽማግሌዎች ብዙ ነገር ቀይሯል። ግን ዝቅተኛ ስጋት ላላቸው ሰዎችም ይሆናል ተብሎ በ2019 የተጨበጨበላቸው ትልልቅ ጥናቶች እኛን አላስገቡም፣ ባለ ሁለት ክዳን ሰው ከጥናቱ ውጪ ነበር። በ2024 የወጣው ኖሽን ሁለት የሚባለው ጥናት ውስጥ 100 ያህል ባለ ሁለት ክዳን ሰዎች ገብተው በአንድ ዓመት ውስጥ የሞተ፣ ስትሮክ የመታው ወይ ተመልሶ ሐኪም ቤት የገባ በታቪ 14.3 በመቶ፣ በኦፕራሲዮን 3.9 በመቶ ሆነ። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ የመጨረሻ ቃል አይደለም። ታቪ የሰፋ አኦርታንም አይነካም። «ደረቴ እንዳይከፈት» የሚል ወጣት ሁሉ ይሄን ይወቅ።

አሜሪካ ላለነው ሌላው ሂሳብ ሥራ ነው። አጥንቱ እስኪገጥም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ነው፣ ለአራት ለስድስት ሳምንት መኪና አይነዳም፣ ከአራት ተኩል ኪሎ በላይ አይነሳም፣ ይሄ እንግዲህ ለሹፌር፣ ለመጋዘን ሠራተኛ፣ ለሆም ኬር ምን ማለት እንደሆነ ንገሩኝ። የ1993ቱ ሕግ ኤፍኤምኤልኤ 12 ሳምንት ሥራህን ይጠብቅልሃል፣ ያለ ደሞዝ፣ ያውም ዓመት ከሠራህና ድርጅቱ 50 ሰው ካለው። ኡበር የሚነዳ ሰው እዚህ ውስጥ የለም። ከ2014 ጀምሮ ኢንሹራንስ «ድሮም ታመህ ነበር» ብሎ ሊከለክልህ አይችልም፣ ግን ለኦባማኬር ይሰጥ የነበረው ተጨማሪ ድጎማ በሕጉ እስከ 2025 መጨረሻ ብቻ ነበር የተቀመጠው፣ ስለዚህ አሁን የሚጠብቅ ሰው ከሴንቲሜትሩ እኩል የኢንሹራንስ ክፍያውንም ነው የሚከታተለው። የኔ አኦርታ 4.4 ነው። አንድ ጓደኛዬ እቁቡን የመጨረሻ ዕጣ ለመውሰድ አስመዝግቧል፣ ለኦፕራሲዮኑ ወራት።

ከዛ ጠያቂው አለ። እግዜር ይስጣቸው፣ ግን ከሐኪም ቤት በወጣህ በሦስተኛው ቀን ሃያ ሰው ሳሎን ውስጥ፣ ጨው የበዛበት ቅቅል፣ «ተነስ እንጂ ብላ» እየተባለ፣ አንዱ በእጅህ ስቦ ሊያስነሳህ ሲሞክር ደረትህ ላይ ያለው ሽቦ ነው የሚሳበው። ሐኪም ቤት ስታስል የምታቅፈው ትራስ ይሰጡሃል፣ በር ላይ ይዘኸው ቁም፣ ሰው ያቺን ሲያይ ራሱ ቀስ ይላል።

ቤተሰብ መመርመር አለበት። ወላጅ፣ ወንድም፣ እህት፣ ልጅ፣ ከአሥሩ አንዱ ላይ ይገኛልና አንድ ጊዜ ኢኮ እንዲታዩ ይመከራል። ለማስረዳት የፈጀብኝ ጊዜ ግን ከሕመሙ በላይ ነው። «ልብ ሕመም በዘራችን የለም» አለኝ አጎቴ። አክስቴ ደሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ልጄን የሚያገባት ይጠፋል» ብላ እንዳላወራ ለመነችኝ። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ሄዶ ታየ፣ ሦስት ነው፣ ፎቶውን ላከልኝ፣ ሦስቱንም ክዳን ቆጠርኳቸው። እህቴ ናት የቀረችው፣ በደወልኩ ቁጥር የምትለኝ አንድ ነው፣ «ምንም አይሰማኝም እኮ»።